ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት
ከሱስ ለሚመለሱ እኅቶች ስለሚያስፈልገው መሸጋገሪያ ቤት የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከቁጥር 43 እስከ 45 ስለ አንድ ቤት አስተምሯል። ርኩስ መንፈስ ከሰው ከወጣ በኋላ ዕረፍት አጥቶ ወደ ቀድሞ ማደሪያው ይመለሳል። ሲመለስም ቤቱ ተጠርጎና አጊጦ፣ ነገር ግን ማንም ሳይኖርበት ያገኘዋል። ያን ጊዜ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ ይገባል፤ የዚያም ሰው ኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። ይህን ምንባብ ስንሰማ ብዙ ጊዜ ልባችን የሚያርፈው በርኩሱ መንፈስ ላይ ነው። ለዛሬ ግን ቤቱን እንመልከት። ቤቱ የጠፋው ቆሻሻ ስለነበረ አይደለም፤ ተጠርጎ ነበርና። የጠፋው ባዶ ስለ ቀረ ነው።

ይህን ስንል በሱስ የተያዘ ሰው ሁሉ ርኩስ መንፈስ አለበት ማለታችን አይደለም። ሱስ ሥጋንም ነፍስንም የሚይዝ ደዌ ነውና እንደ ደዌነቱ ሐኪም፣ እንደ ነፍስ ቁስልነቱም የንስሐ አባት ይፈልጋል። ምሳሌውን ያነሣነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከመጠጥ ወይም ከሌላ ሱስ የተላቀቀ ሰው ተጠርጎ ባዶ እንደ ቀረው ቤት መሆኑን ለማስተዋል ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ያ ባዶ ቤት በምን እንደሚሞላ፣ በተለይም በስደት አገር ለሚኖሩ እኅቶቻችን፣ መመርመር ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የበዓላት ቀኖች ግን በእኛው ዘመን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከመጥረግ በኋላ ያለው ጊዜ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንዲት እኅት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። በስም የምናውቃት ሰው አይደለችም፤ ብዙዎችን የምትመስል ናት። በምዕራብ አምስተርዳም በስሎተርቫርት ትኖራለች። ወደ ሆላንድ የመጣችው በጋብቻ ነበር፤ ጋብቻው ፈርሷል። ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች። ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲላት አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ መጠጣት ጀመረች፤ ብርጭቆው ቀስ በቀስ ጠርሙስ ሆነ። በሰንበት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ከሁሉ ኋላ ቆማ አስቀድሳ፣ ትንፋሿ እንዳይሸት ስትጠነቀቅ ኖራ፣ ሠርሆተ ሕዝብ እንደ ሆነ ማንንም ሳታነጋግር ትወጣለች። ከዓመታት በኋላ እግዚአብሔር ረድቷት ለሐኪሟ እውነቱን ተናገረች፤ ተኝታ ታከመች፤ መጠጡም ከሰውነቷ ወጣ። ከዚያም አንድ ቀን ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ በትራም ፌርማታ ቆመች። ወዴት ትሂድ?

ወደ ክፍሏ ብትመለስ የተደበቁት ጠርሙሶች የነበሩበት ያው ክፍል ነው። ወደ ጓደኛዋ ብትሄድ አብራት የምትጠጣው እርሷ ናት። ክፍሉንም በሕመሟ ጊዜ ኪራይ አቋርጣ አጥታው ሊሆን ይችላል። የትምህርታችን ጥያቄ በዚህች ፌርማታ ላይ የተጀመረ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መጥረጉ ራሱ ጥቂት እንበል። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ፍርሃት ይጀምረዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሰውነትን የሚጥል መንዘፍዘፍና ቅዠት ሊከተል ይችላል፤ ያለ ሕክምናም ለሞት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ሐኪም የሚያዝዛቸውን የማስታገሻና የእንቅልፍ ክኒኖች ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰውም እንዲሁ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ስለዚህ «ጠርሙሱን ጥለሽ በርሽን ዝጊና ጸልዪ» ብሎ መምከር ከቅን ልብ ቢመጣም አደገኛ ምክር ነው። ከሄሮይንና ከመሰሎቹ የተላቀቀ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ ሰውነቱ ዕፁን የመሸከም ልማዱን ስለሚያጣ፣ ወድቆ የቀድሞውን ያህል ቢወስድ በአንድ ጊዜ ሊሞት ይችላል። ይህም ከሕክምና ቤት ከወጡ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚሹ መሆናቸውን ያስረዳል። ሰውነት በቀናት ይላቀቃል፤ ኑሮ ግን በቀናት አይለወጥም።

ስለ ነውርና ስለ ዝምታ

በአገራችን መጠጥ ከደስታም ከኀዘንም ጋር የተሳሰረ ነው። ጠላው ለማኅበር፣ ጠጁ ለሠርግ፣ አረቄው ለብርድ ይባላል። ጠላ የምትጠምቀው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ አረቄ የምታወጣው ሴት ናት፤ ለእንግዳ የምትቀዳውም እርሷው ናት። ነገር ግን ወንድ ሲሰክር «ሞቅ ብሎታል» ተብሎ ይታለፋል፤ ሴት ስትሰክር ስሟ፣ የእናቷ ስም፣ የልጆቿም ስም አብሮ ይነሣል። ስለሆነም ወንድ በአደባባይ ይጠጣል፤ ሴት በጓዳ ትጠጣለች። በጓዳ የተጀመረ ደዌ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

የሴት ሰውነትም ለመጠጥ የበለጠ የተጋለጠ ነው። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ከወንድ ያነሰ በመሆኑ፣ እኩል ክብደት ያላቸው ወንድና ሴት እኩል ቢጠጡ በሴቷ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል፤ ጉበቷም በአጭር ዓመታት ይጎዳል። በዚህ ላይ የልጆች ነገር አለ። አንዲት እናት «ታምሜአለሁ ብል ልጆቼን ይወስዱብኛል» ብላ ትፈራለች። በባሏ ስም የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘች ሴት ደግሞ «ከቤት ብወጣ ፈቃዴን አጣለሁ» ትላለች፤ በቤት ውስጥ ግፍ የሚፈጸምባት ሴት የራሷን ፈቃድ የምትጠይቅበት የሕግ መንገድ መኖሩን የሚነግራት ሰው አጠገቧ የለም።

የጫትም ነገር አይዘነጋ። ሆላንድ ጫትን በጥር 2013 ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት ጫቱ በአውሮፕላን እየመጣ በግልጽ ይሸጥ ነበር። ክልከላው ጫቱን ከአደባባይ አነሣው እንጂ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቸኝነት የበዛበትን ሰው ሕመም አላነሣም። አንዱን የተወ ሰው ባዶነቱን በሌላ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ የቤቱ ምሳሌም ይህንኑ ያስተምራል።

ከታሪክ የምንማራቸው ሦስት ቤቶች

ቤተ ክርስቲያን ለተመላሾች ቤት ማዘጋጀትን ከዘመናውያን የተማረችው አይደለም። ሆኖም በታሪኳ መልካሙም ያልተሳካውም ስላለ፣ ሁለቱንም በእውነት መመልከት ይገባናል።

የመጀመሪያው የንግሥት ቴዎዶራ ቤት ነው። ቴዎዶራ በ548 ያረፈች የንጉሥ ዮስጢንያኖስ ሚስት፣ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ለተሰደዱት አባቶች መጠጊያ የሆነች ንግሥት ናት። በዘመኗ የነበረው ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ እንደ ነገረን፣ በቁስጥንጥንያ ባሕር ዳር የነበረ ቤተ መንግሥት ወደ ገዳምነት ተለወጠ፤ ለዝሙት የተሸጡ ሴቶችም እንዲኖሩበት ተደረገ፤ ስሙም «ንስሐ» ተባለ። ይኸው ጸሐፊ በምሥጢር በጻፈው በሌላ መጽሐፉ ግን ከ500 የሚበልጡ ሴቶች ተሰብስበው ወደዚያ እንደ ገቡ፣ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ያልወደዱትን ለውጥ ሸሽተው በሌሊት ከከፍታ ራሳቸውን እንደ ወረወሩ ይናገራል። ፕሮኮፒዮስ በዚህ መጽሐፉ ንግሥቲቱን የሚጠላ ነበርና ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው በፈቃዱ ያልገባበት ቤት «ንስሐ» ተብሎ ቢጠራም እስር ቤት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ቤት የሌለበት ቤት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን የምትታሰበው ቅድስት ማርያም ግብፃዊት በእስክንድርያ ለ17 ዓመታት በኃጢአት ኖራ፣ በኢየሩሳሌም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተመልሳ፣ ዮርዳኖስን ተሻግራ ለ47 ዓመታት በበረሃ ኖረች። በሶፍሮንዮስ ስም የሚጠራው ረጅሙ ገድሏ ለእኛ ጉዳይ እጅግ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል። በበረሃ በኖረችባቸው የመጀመሪያዎቹ 17 ዓመታት የግብፅን ዓሣ፣ ትወደው የነበረውን የወይን ጠጅ፣ ትዘፍነው የነበረውን ዘፈን እየተመኘች ትታገል እንደ ነበር ለአባ ዞሲማስ ነግራዋለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከተመለሰች በኋላ ነው የታገለችው። ምኞቱ መቅረቱ የንስሐዋ መለኪያ አልነበረም። ዛሬ ግን አንዲት እኅት ከስድስት ወር በኋላ «አሁንም ያምረኛል» ብትል «አልተመለስሽም ማለት ነው» የምንላት ስንቶች ነን?

በዚሁ ገድል ሌላም ነገር አለ። አባ ዞሲማስ ቅድስቲቱን በበረሃ ባገኛት ጊዜ ልብሷ አልቆ ነበርና፣ ታሪኳን ከመስማቱ በፊት መጎናጸፊያውን ወርውሮ እንድትሸፈን አደረገ። አስቀድሞ ሸፈናት፤ ከዚያ በኋላ ሰማት። የመሸጋገሪያ ቤት ሥርዓት ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛው እንደ እኛ በስደት የነበሩ ሰዎች የሠሩት ቤት ነው። ማርያ ስኮብትሶቫ የምትባል ሩሲያዊት ስደተኛ በ1932 በፓሪስ መነኰሰች፤ በዚያው ዓመትም ለመጠጊያ አልባ ሴቶች ቤት ተከራየች። ገንዘብ አልነበራትም። ቤቱ በጠበበ ጊዜ ሩ ደ ሉርሜል በሚባል ጎዳና ወደሚገኝ ሰፊ ግን ያረጀ ቤት ተዛወረች። የራሷን ክፍል ለእንግዶች እየለቀቀች በምድር ቤት ከእሳት ማንደጃው አጠገብ ትተኛ ነበር፤ በገበያ የተረፈውን አትክልት ለምና ታበስል ነበር፤ በመጠጥ የወደቁትን ስደተኞች በየመሸታ ቤቱ እየዞረች ትፈልግ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አይሁድን በመደበቋ ተይዛ በ1945 በራቨንስብሩክ ማጎሪያ ሞተች። የቁስጥንጥንያ መንበር በ2004 ከቅዱሳን ቆጥሯታል። ስለ ሃይማኖት ልዩነት የምናውቀው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስደተኛ ምእመናን «እኛ ራሳችን ችግረኞች ነን፤ ምን ልንሰጥ እንችላለን?» ሲሉ፣ የእርሷ ቤት መልስ ነው።

በምንኖርበት አገር የተሠራው

የሆላንድ ክርስቲያኖችም በዚህ ሥራ ብዙ ደክመዋል። የደኅንነት ሠራዊት ወደ አምስተርዳም የገባው በ1887 ነው። ከአገልጋዮቹ አንዷ የሆነችው፣ ሕዝቡ «ማዮር ቦስሃርት» ብሎ የሚጠራት አሊዳ ቦስሃርት፣ ከ1948 ጀምሮ በአምስተርዳም የዝሙት ንግድ በሚካሄድበት ሰፈር ውስጥ ኖራ አገልግላለች። የማኅበሯን ጋዜጣ ይዛ በየመሸታ ቤቱ ትገባ ነበር፤ ሴቶቹን የምታውቃቸው በስማቸው ነበር። በ2007 በሞተች ጊዜ አገሩ ሁሉ አዝኖላታል። ከስብከቷ ይልቅ ሰዎች ያስታወሱት ጎረቤትነቷን ነው።

ከ1972 አካባቢ ጀምሮ ሄሮይን በአምስተርዳም ጎዳናዎች ሲስፋፋ ነገሩ ከበጎ አድራጊዎች አቅም በላይ ሆነ። በ1979 ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት የሚያድል አውቶቡስ በከተማዋ መዞር ጀመረ። በሮተርዳም የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በመጋቢው በሃንስ ፊሰር ዘመን በሩን ለሱሰኞች ከፍቶ ነበር። በ1987 ደግሞ በባቡር ጣቢያው አጠገብ «ፔሮን ኑል» የተባለው መሰብሰቢያ ተፈቀደ፤ ሕዝቡ በዝቶ ሥርዓት በጠፋ ጊዜም በ1994 ተዘጋ። ከዚህ የምንማረው በር መክፈት መልካም ሆኖ ሳለ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚሄድበት መንገድ ካልተዘጋጀለት፣ በሩ ራሱ የመከራ መሰብሰቢያ ይሆናል። በዶርድሬክት በ1975 የተጀመረው «ደ ሆፕ» (ትርጓሜው «ተስፋ» ማለት ነው) ክርስቲያናዊ የሱስ ሕክምናን ከመኖሪያና ከሥራ ጋር አያይዞ የሠራ ድርጅት ነው። በአምስተርዳም ያለው ትልቁ የሱስ ሕክምና ተቋም ደግሞ «የሊነክ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው የመጠጥ ሱስ ደዌ መሆኑን በሰፊው ካጠኑት ሊቅ ነው።

መሸጋገሪያ ቤት እንዴት ይሠራል?

መሸጋገሪያ ቤት ሆስፒታል አይደለም፤ የዘለቄታ መኖሪያም አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለ ድልድይ ነው። ጥቂት ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክፍልና ቁልፍ ኖሯቸው፣ ወጥ ቤቱንና ማዕዱን በአንድነት ይዘው፣ ለተወሰነ ጊዜ ይኖሩበታል። ጊዜው እንደየቤቱ ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል። በቤቱ ውስጥ መጠጥና ዕፅ አይገባም። እያንዳንዷ የድርሻዋን ሥራ ትሠራለች፤ ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮዋን ትጠብቃለች፤ ዕዳዋን መክፈል፣ ቋንቋ መማር፣ ሥራ መፈለግ ትጀምራለች።

በአሜሪካ ሁለት የታወቁ አሠራሮች አሉ። አንደኛው በ1975 በሜሪላንድ የተጀመረው «ኦክስፎርድ ሐውስ» ነው። መንግሥት ይረዳው የነበረ ቤት በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ ሲል ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተከራይተው ያዙት። ሕጉም አጭር ነው፤ ነዋሪዎቹ ቤቱን በድምፅ ብልጫ ያስተዳድራሉ፣ ኪራዩን ተካፍለው ይከፍላሉ፣ ወደ መጠጥ ወይም ወደ ዕፅ የተመለሰ ይወጣል። የወንዱ ቤት ለብቻ፣ የሴቷ ቤት ለብቻ ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች በሺህ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ቤካ ስቲቨንስ የተባለች የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በ1997 በናሽቪል የጀመረችው የመግደላዊት ቤት ነው። ከዝሙት ንግድና ከሱስ የወጡ ሴቶች ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ይኖሩበታል፤ ጠባቂ አብሯቸው አያድርም። ከ2001 ጀምሮም ሴቶቹ ሻማና የገላ ቅባት እየሠሩ የሚሸጡበት የሥራ ቦታ ተጨምሮለታል። ከመጀመሪያው ቤት እኩልነትን፣ ከሁለተኛው ጊዜንና ሥራን እንማራለን።

የዚህን ተቃራኒ የሚያስቡም አሉ። በአምስተርዳም በ2006 «ዲስኩስ» የተባለው ሥራ ሲጀመር ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ለሰው አስቀድሞ የራሱን ቤት ስጠው፣ «መጠጥ ተው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አታስቀምጥበት፣ ከዚያም እርዳው። ይህ ለብዙ ዓመታት በጎዳና ለኖሩ ሰዎች ጠቅሟል። ነገር ግን መጠጥ በሌለበት ቤት መኖርን ራሷ የምትሻ ሴትም አለች፤ ለእርሷ ጎረቤቷ የሚጠጣበት ቤት ፈተና ነው። ስለዚህ ሁለቱ አሠራሮች የሚጣሉ ሳይሆኑ ለተለያዩ ሰዎች የተሰጡ ናቸው።

እምነት በቤቱ ውስጥ ያለው ስፍራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያሉ እኅቶች ቤት ብታዘጋጅ፣ እምነት በዚያ ቤት ምን ይሆናል? የመግቢያ ዋጋ ይሆናልን? «ካልጸለይሽ አታድሪም፤ ካልተናዘዝሽ አትበዪም» ይባላልን?

እንዲህ ማድረግ የቴዎዶራን ቤት መልሶ መሥራት ነው። ማደሪያ የሌላት ሴት ማደሪያ ለማግኘት ብላ ትጸልያለች፣ ትሰግዳለች፣ ትናዘዛለችም። ከቤቱ በወጣች ቀን ግን ጸሎቱን ከአልጋው ጋር ትተዋለች፤ ከዚያም የከፋው ከእግዚአብሔር ፊት መዋሸትን መልመዷ ነው። ንስሐ የፈቃድ ፍሬ ነው። ስለሆነም እምነት የቤቱ ምድጃ እንጂ የበሩ ቁልፍ አይሁን። ጸሎቱ በየዕለቱ ይደረግ፤ የፈለገች ትምጣ። ካህኑ በተወሰነ ቀን ይምጣ፤ የጠራችው ያነጋግራት። ዳዊቱ በጠረጴዛው ላይ ይሁን፤ ማንም ግን ያነበበችና ያላነበበች እያለ አይቍጠር።

ይህ ማለት እምነት ጌጥ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ባዶውን ቤት የሚሞላው ምን እንደሆነ ከጠየቅን፣ ሕክምና ብቻውን ሊሞላው እንደማይችል ሐኪሞችም ያውቃሉ። የዓመቱ ሥርዓት፣ ጾሙና በዓሉ፣ ሌሊት ለማኅሌት መነሣቱ፣ በስም የሚጠራ የንስሐ አባት መኖሩ፣ ይህ ሁሉ ለቀኑ መልክ ይሰጠዋል። ቀኑ መልክ ሲኖረው የመጠጥ ሰዓት የነበረው በሌላ ነገር ይያዛል። ቀኖና በጊዜ የተወሰነ መሆኑም ለተመላሽ ተስፋ ነው፤ ኀዘኑ መጨረሻ አለውና።

ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል እንጨምር። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ የኤድስ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ሲተዉ ብዙ ጉዳት ደርሶ ነበር። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለሱስ መድኃኒትም ነገሩ ያው ነው፤ ሜታዶን የምትወስድ እኅት «ሱስ በሱስ ቀየርሽ» ልትባል አይገባም። ጾምንም በሚመለከት ፍትሐ ነገሥት ለሕመምተኛ ዕረፍት ይፈቅዳል፤ የሚወስነው የንስሐ አባት እንጂ የጎረቤት ምላስ አይደለም። ሥጋ ወደሙን ስለሚፈሩትም ይህ ይታወቅ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለቅዳሴ የሚቀርበው ከዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ እንጂ የሚያሰክር ጠጅ አይደለም። ከመጠጥ የተመለሰች እኅት ጭንቀቷን ለካህኑ ትንገር እንጂ ከማዕዱ አትራቅ።

በእጃችን ያለው

በስሎተርቫርት የምንኖርባቸው ሕንፃዎች ከጦርነቱ በኋላ የተሠሩት በ1935 በጸደቀው በኮርኔሊስ ፋን ኤስተረን የከተማ ንድፍ መሠረት ነው። ያ ንድፍ የተነሣው ሠራተኛው ሕዝብ ብርሃን፣ አየርና ሰፊ ስፍራ ካገኘ ጤናው ይታደሳል ከሚል ሐሳብ ነው። ቤት ሰውን እንደሚፈውስ የከተማው መሐንዲሶች አምነው ነበር። ዛሬ ግን በአምስተርዳም በተመጣጣኝ ኪራይ ቤት ለማግኘት ከዐሥር ዓመት በላይ ይጠበቃል። በሰፈሩ የነበረው የስሎተርቫርት ሆስፒታልም በ2018 ከስሮ ተዘግቷል። ስለዚህ ምእመናን በአንድ ጊዜ ሙሉ ቤት መክፈት ባይችሉም፣ የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፣ መንገዱን ማወቅ። የሱስ ሕክምና የሚጀመረው በቤተሰብ ሐኪም ነው፤ ሐኪሙ የሰማውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ከ2015 ጀምሮ መጠለያና ከእገዛ ጋር የሚሰጥ መኖሪያን የማዘጋጀት ኃላፊነት የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት እኅት በ1998 በወጣው ሕግ ከብዙ አገልግሎት ብትከለከልም አስፈላጊ ሕክምና ግን አይከለከልባትም። ይህን የሚያውቁና ከእኅቶች ጋር አብረው ሄደው የሚያስተረጉሙ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሴቶች በሰበካው ይኑሩ። ልጅ አታስተርጉም፤ የእናቷን ምሥጢር መሸከም የልጅ ሸክም አይደለምና።

ሁለተኛ፣ ክፍልን በሕግ መስጠት። የኪራይ ቤታችንን ክፍል ያለ አከራዩ ፈቃድ ለሌላ ማከራየት ቤቱን ሊያሳጣን፣ እኅታችንንም እንደገና ጎዳና ላይ ሊጥላት ይችላል። የሚሻለው ልምድ ካለው ድርጅት ጋር ተስማምቶ አንድ ወይም ሁለት ክፍል በሰበካው ወጪ መያዝ፣ የቤቱን አስተዳደር ለሚያውቁት ትቶ ማዕዱን፣ ጉብኝቱንና የቋንቋውን እርዳታ መስጠት ነው። እድራችን ለሞተ ሰው ገንዘብ ያወጣል፤ በሕይወት ላለች እኅትም ጥቂት ቢያወጣ ደንቡን አያፈርስም።

ሦስተኛ፣ ማዕዳችንን ማስተካከል። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከሁሉ የሚከብደን ይህ ሊሆን ይችላል። በጽዋ ማኅበርና በዝክር ጊዜ «በሞቴ! አንድ ብቻ!» ብሎ ማስገደድ ፍቅር ይመስለናል። አንዲት እኅት «አልጠጣም» ስትል «ምነው፣ ታመምሽ ወይስ ጾም ያዝሽ?» ብለን በሰው ፊት እንጠይቃታለን። መልሱን ለመናገር ካልደፈረች ትጠጣለች፤ የሁለት ዓመት ድካም በአንድ «በሞቴ» ይፈርሳል። ስለዚህ በየማኅበሩ ከጠላው ጎን ብርዝ፣ ውኃና ሻይ እኩል ይቅረብ፤ የማይጠጣም ምክንያቱን አይጠየቅ።

አራተኛ፣ አፍን መጠበቅ። መሸጋገሪያ ቤት የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚኖርበት በቡና ላይ ከተወራ ቤቱ ፈርሷል። አንዲት እኅት ብትወድቅ እንኳ መውደቋን የሚያውቁት ሐኪሟ፣ የንስሐ አባቷና የቤቱ ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም የደዌው ክፍል ነው። የቤቱ ሕግ «የጠጣች ትውጣ» ቢል እንኳ የምትወጣው ወደ ጎዳና ሳይሆን ወደ ሐኪም ይሁን፤ የምትመለስበትም መንገድ አስቀድሞ ይነገራት።

ማጠቃለያ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የምናገኘው ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ቁስሉን አስሮ በመንገድ ዳር አልተወውም። በእንስሳው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ በማግሥቱ ሁለት ዲናር ለባለ ማደሪያው ሰጠ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበርና የሰጠው የሁለት ቀን ድካሙን ነው። ከዚያም የሚጨመር ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። አባቶች ያን ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ተርጉመውታል። እንግዲህ ባለ ማደሪያው እኛ ነን። ባለ ማደሪያው ቁስለኛውን «እንዴት ተደበደብህ?» ብሎ ሲመረምር አናነብም። የተሰጠው አደራ «ጠብቀው» የሚል ብቻ ነው።

በትራም ፌርማታ ቦርሳዋን ይዛ የቆመችው እኅት ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው የእርሷ ብርታት ብቻ አይደለም። በሩን ከፍቶ፣ አስቀድሞ ሸፍኖ፣ በኋላ የሚሰማ ቤት መኖር አለመኖሩም ይወስነዋል። ተጠርጎ የቀረውን ቤት ጌታ በጸጋው ይሞላው ዘንድ፣ እኛም በሩ ላይ ቆመን እንዳንከለክል ይርዳን።

ለጉባኤ ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በማቴዎስ 12 የተጻፈው ቤት ባዶ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በእኛ ሰበካ ባዶውን ሊሞሉ የሚችሉ ነገሮችን ዘርዝሩ።
2. አባ ዞሲማስ ቅድስት ማርያም ግብፃዊትን አስቀድሞ መሸፈኑ ስለ ምን ነው? እኛ አስቀድመን የምናደርገው ምንድን ነው?
3. ጸሎትን የማደሪያ ዋጋ ማድረግና በማደሪያ ውስጥ መጸለይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በማኅበራችን «አልጠጣም» ያለ ሰው ያለ ኀፍረት እንዲቀመጥ ምን እንለውጥ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።